ዘጠኝ ደቂቃ ጨለማ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ዝናብ። ጀልባው ላይ መቆሚያ እንኳ የለም፣ ብስክሌት በብስክሌት ነው። ከቤቴ፣ ከስሎተርቫርት፣ ከውሃው ማዶ ቢሮአችን ያለበት ኖርድ ለመድረስ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ። ቢሮ ስገባ ካልሲዬ ሳይቀር ርሷል።

አዲስ ሥራ መጥቷል። የጣሊያን ፊልም፣ «የጄኖዋው ሹፌር» ይባላል። የእውነተኛ ሰው ታሪክ ነው። ለኮንትሮባንዲስቶች ሃያ ዓመት መኪና ሲነዳ ኖሮ በመጨረሻ የታሰረ ሰውዬ። ሁለት ሰዓት ከሃያ ስድስት ደቂቃ። ሦስት ጊዜ ማየት አለብኝ፤ አንዴ ለምስሉ፣ አንዴ ለድምፁ፣ አንዴ ለሆላንድኛው ጽሑፍ። ሰው «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ፊልም አያለሁ» እላለሁ። ይቀናሉ። መስኮት የሌለው ክፍል፣ ጥቁር የተቀባ ግድግዳ፣ የተዘጋ በር... ይቅኑ እንግዲህ።

ድርጅታችን ፊልም በዲስክ አባዝቶ ይሸጣል፤ ዲስኩ ከመባዛቱ በፊት አንድ የሙከራ ዲስክ ይመጣል። አያለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ። ከቅጹ ግርጌ ሁለት ሳጥን አለ፤ «ያልፋል» እና «አያልፍም»። በአራት ዓመት ከአራት ወር «አያልፍም» የሚለውን ስንት ጊዜ ነካሁት? ሁለቴ። ሁለቱም ጊዜ ዲስኩ ጭራሽ አልከፈት ብሎ ነው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ፊልሙ ጥሩ ነው። እሱ ነው የሚያናድደው። መጥፎ ቢሆን ስህተቱን ለቅሜ እወጣ ነበር።

የቀኑ ትዕይንት ሁሉ ንጹሕ ነው። ወደቡ፣ የመኪናው ቀይ ቀለም፣ የሚስትየዋ ፊት... ፀጉሯ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ድምፁም ደህና። ከዚያ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ደቂቃ ላይ እስር ቤቱ ይመጣል። ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ «ወንድምህ ሞቷል» ይለውና መብራቱን አጥፍቶበት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ደቂቃ አንድም ቃል የለም። ሰውዬው አልጋው ላይ ተቀምጧል። በቃ።

ዲስኩ ላይ ግን ሰውዬው የለም። ጥቁር ብቻ። ጥቁሩ ውስጥ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይርመሰመሳሉ። ቴሌቪዥኑ ይሆን ብዬ በሌላ አየሁት። ያው ነው። ከጣሊያን የተላከውን ዋናውን ቅጂ፣ ማስተሩን፣ ከፈትኩ... እዚያ ዓይኑ ይታያል። ያለቅሳል። ከግድግዳው ማዶ ያሉት እስረኞች እንዳይሰሙት አፉን በእጁ አፍኖ ያለቅሳል።

ፊልሙ ዲስኩ ላይ እንዲገባ ሲጨመቅ ጨለማው ላይ በዝቶበታል ማለት ነው። ማን ጨመቀው? ሩበን ራሱ። አለቃዬ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ቅጹ ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። መጀመሪያ «የእስር ቤቱ ትዕይንት አይታይም፤ እንደገና ይጨመቅ» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። ለአለቃ? የገዛ እጁን ሥራ? ሁሉም ሠራተኛ በሚያየው ፋይል ላይ? ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ ልጁ ታሞበት፣ ሆስፒታል እየተመላለሰ የጨረሰው ሥራ ነው።

በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ «ምስሉ በአጠቃላይ እጅግ ውብ ነው። የእስር ቤቱ ትዕይንት ምናልባት ትንሽ ጠቆር ብሎ ሊሆን ይችላል። ጊዜ ከተገኘ መለስ ብሎ ማየቱ አይከፋም።» ከዚያ «ያልፋል» ላይ ምልክት አደረግሁ። እሱ አይቶ ራሱ ይለውጠው ብዬ ነው። እኔ ከምጥልበት እሱ ቢጥለው ክብሩ አይነካም። አዲስ አበባ ቴሌቪዥን ጣቢያ ስሠራ አለቃችን ጋሽ አበጋዝ «ምናልባት ትንሽ» የሚል ነገር ካነበቡ ሥራ አስቁመው እየሮጡ ነበር የሚመጡት።

አርብ፣ ኦክቶበር 10

ሩበን ኮሪደሩ ላይ «ሪፖርትህን አየሁት፣ አመሰግናለሁ!» አለኝ። አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ገብቶታል። ተመስገን።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ሮተርዳም ዙይድ፣ እትዬ ሸዋዬ ቤት። ታላቅ እህቴ ናት፣ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ታጸዳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ካልመጣሁ ታኮርፋለች። ጫማዬን ሳላወልቅ ጀመረችኝ።

«ኮንትራክትህ ታደሰ?»

«ገና ነው። ሩበን ከዚህ ፊልም በኋላ እናወራለን ብሎኛል።»

«እንግዲያው ፊልሙን ደህና አድርገህ እይለታ!»

ኮንትራክቴ ዲሴምበር 31 ያልቃል። የመኖሪያ ፈቃዴ ከዚህ ድርጅት ጋር የታሰረ ነው። ጁን ላይ አምስት ዓመት ይሞላኛል፤ ያኔ ቋሚ ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ የማንም አለቃ ፊት አያስጨንቀኝም። እስከዚያ ግን ሩበን ቢያስነጥሰው ጉንፋኑ የኔ ነው። ከሥራ ከወጣሁ የውጭ ዜጎች ቢሮው፣ ኢኤንዴ፣ ሦስት ወር ይሰጠኛል። በሦስት ወር ሥራ ካላገኘሁ ሻንጣ። ዲስክ አይቶ የሚፈርድ ሰው የሚፈልግ ማን አለ? ዲስክ የሚገዛስ ሰው ቀርቷል?

ዮሃና፣ የእትዬ ልጅ፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከስልኳ ቀና ሳትል፦ «ሄለ ዳኽ፣ ቀኑን ሙሉ ፊልም ታያለህ፣ ከዛ ደግሞ ታማርራለህ።»

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29

ተባዝቶ መጣ። ሦስት ሺህ ዲስክ፣ ካርቶን በካርቶን ላይ። ሩበን አንዱን አቀበለኝ፤ «ያንተም ሥራ ነው!» ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ደቂቃ ላይ አመጣሁት።

ጥቁር።

አልነካውም! «መለስ ብሎ ማየቱ አይከፋም» ያልኩትን እንደ ምርቃት ነው ያነበበው። ምሳ አልበላሁም። ምናልባት ማንም አያስተውለው ይሆናል? አሁን ሄጄ ልንገረው? ምን ብዬ? ሦስት ሳምንት አፌን ይዤ፣ ሦስት ሺህ ከተባዛ በኋላ...

አልነገርኩትም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ዓርብ ለሽያጭ ወጣ። ዛሬ የመጀመሪያው ግምገማ ተጻፈ። ዲስክ ሰብሳቢዎች የሚያነቡት ገጽ አለ፣ እዚያ ላይ ነው። «ለፊልሙ ዘጠኝ፣ ለድምፁ ስምንት፣ ለምስሉ አራት። የፊልሙ ልብ የሆነው ትዕይንት ጨለማ ውስጥ ተቀብሯል። ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ የራሳችሁን ፊት እያያችሁ ትቀመጣላችሁ። ለመሆኑ ይኼን ዲስክ ከመውጣቱ በፊት ሰው አይቶታል?»

አይቶታል።

ከሥሩ አርባ ሰው አስተያየት ሰጥቷል። ሁሉንም አነበብኩ። አንዱ «ለምስሉ አራት መስጠት ራሱ ቸርነት ነው» ይላል። ልክ ነው፣ እኔ ብሆን ሦስት ነበር የምሰጠው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19

ስብሰባ። አምስት ሰው። ሩበን ቅጼን ትልቁ ስክሪን ላይ አወጣው።

«እዚህ ጋ ያልፋል ይላል። ችግሩን አይተኸው ነበር?»

«ጽፌዋለሁ... ከላይ... ምናልባት ትንሽ ጠቆር ብሎ...»

«ኡሪ፣ ይኼን ያነበበ ሰው ችግር የለም ብሎ ነው የሚያልፈው። ካየኸው ለምን አልጣልከውም?»

ኡራኤል ማለት ስለሚከብደው ኡሪ ይለኛል። አልጮኸም። ቢጮህብኝ በወደድኩ። ሌሎቹ ጠረጴዛውን ያያሉ። ምን ልበለው? አክብሬህ ነው ልበለው? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለን ብዬ ላስረዳው? «ይቅርታ» ብዬ ቁጭ አልኩ። ሞትኩ በሀፍረት።

ይኼን ደብተር ማንም አያነበውም፣ እውነቱን ልጻፈው። የሩበንን ክብር ብቻ አልነበረም የጠበቅኩት። ኮንትራክቴንም ነው።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 24

ሩበን ክፍሌ መጣ፣ በሩን ከኋላው ዘጋው። ሁለት ሰው ሲሆንበት ክፍሉ አየር ያጥረዋል።

«መፍትሔ አለ» አለኝ። በአንድ እጁ ደብዳቤ፣ በሌላው ሻይ ይዟል። ለጣሊያኖቹ የተጻፈ ነው። የላኩልን ማስተር ራሱ ጨለማ እንደነበር፣ ይኼንንም የጥራት ተቆጣጣሪያችን አይቶ እንዳረጋገጠ ይናገራል። ማስተሩን ያዘጋጀችው ሴት ስም፣ ኢላሪያ፣ ሁለት ቦታ ተጽፏል። ከታች ለኔ ፊርማ የሚሆን መስመር።

«ማስተሩን ቁጭ ብለህ በዓይንህ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። ያላንተ ፊርማ ዋጋ የለውም።»

ሻዩን ፉት አለ። ከዚያ በሩ ጋ ቆሞ፦ «ኮንትራክትህን በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት እንጨርሳለን።»

ሁለቱን ነገር አላገናኛቸውም። በመሃላቸው ሻይ ጠጥቷል።

ሴትዮዋን አውቃታለሁ። ማለቴ፣ በኢሜይል። ሴፕቴምበር ላይ ማስተሩን ስትልክ ጽፋልኝ ነበር፦ «ዘጠኙን ደቂቃ አደራ። ዓይኑ ይታይ። ከዓይኑ በቀር ሌላ ምንም ባይታይ ግድ የለኝም።» ስሟ ሥር ፎቶዋ አለ፣ ሽበታም ሴት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች። ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት እንደቀራትም ጽፋለች። በዚህ ደብዳቤ ግን ዛሬውኑ ነው የሚያስወጧት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29

ለእትዬ ነገርኳት። መንገር አልነበረብኝም።

«ፈርማ! ምን ያስጨንቅሃል?»

«ውሸት ነው እኮ፣ እትዬ።»

«እዚህ አገር ስገባ ስንቱን ወረቀት ፈርሜያለሁ፣ አንዱንም ሳላነበው! ሴትየዋ ምን ትሆናለች? ቢቆጧት ነው። ከአገሯ አያባርሯትም። አንተን ነው የሚያባርሩህ።»

«ሥራዋን ታጣለች።»

«አባባ ስሸኝ አደራ ያሉኝ አንተን ነው እንጂ እሷን አይደለም!»

ዮሃና ጣልቃ ገባች። «ማማ፣ ውሸት ነው ይላል እኮ። ዳት ካን ኒት፣ አይሆንም!»

«አንቺ ዝም በይ! ቀይ የሆላንድ ፓስፖርትሽን ታቅፈሽ ነው የምታወሪው።»

ዮሃና ወደኔ ዞረች። «ግን አንተስ ለምንድነው መጀመሪያውኑ ኸዎን፣ እንዲሁ በቀላሉ፣ ያልነገርከው? አይታይም፣ በቃ። ሁለት ቃል ነው።»

ሩበንም የጠየቀኝ ይኼንኑ ነው። ሁለት ቃል ነበር።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

ዛሬ ብዕር አነሳሁ። «ኡራ» ድረስ ጻፍኩ። ቀደድኩት። ለሩበን «ቡና ፈሰሰበት» አልኩት። ሌላ አተመልኝ። ይኼውና ሌላ ውሸት። እስከ ሰኞ ፈርመህ አምጣ አለኝ።

እንቅልፍ የለም። ፈርሜ ብቀር በስድስት ወር ነፃ ነኝ እላለሁ። ከዚያስ? ብርሃን ሳይ ሴትየዋ፣ ጨለማ ሳይ ሴትየዋ... ያውም ሥራዬ ጨለማ ማየት ነው።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 6

እትዬ ስገባ፦ «እስቲ ያንን ጉድ አሳየኝ። ወንድሜን ከአገር የሚያስወጣውን ፊልም ሳላይማ አይሆንም።»

ዲስኩን በዮሃና ጌም ማጫወቻ ከፈትኩላት። መጋረጃውን ዘጋን። ዘጠኙ ደቂቃ ጀመረ። ሁለቱን እንኳ አልታገሰችም።

«ጥቁር ነው እኮ! ለዚህ ነው የምትጣሉት?»

ማስተሩን ከቢሮ ማውጣት አይፈቀድም። ዘጠኙን ደቂቃ ብቻ በላፕቶፔ አውጥቻለሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አጫወትኩላት። ቆማ ነው የጀመረችው፣ ፎጣ በእጇ ይዛ። ቀስ ብላ ተቀመጠች። እትዬ ዘጠኝ ደቂቃ ሳትነሳ ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም።

«እያለቀሰ ነው እንዴ?» አለች በሹክሹክታ። የሚሰማት ይመስል።

«አዎ።»

 ካለቀ በኋላም ስክሪኑን እያየች ቆየች።

«አባባ የሞቱ ጊዜ እዚህ የስደተኞች ካምፕ ነበርኩ። በአንድ ክፍል ስምንት ሴቶች ነን። አንዷም ያገሬ ልጅ የለችም። በስልክ ነገራችሁኝ... እዬዬ ብል ምን ሆነች ይላሉ? መብራት እስኪጠፋ ጠበቅሁ። ከዚያ ብርድ ልብሱን አፌ ውስጥ ከትቼ...» እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ልክ እንደ ሰውዬው።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ድንኳን ተጥሎ፣ ሰፈሩ ሁሉ አብሮን ሲያለቅስ፣ እሷ በስልክ «በርቱ» ብላ ነበር የዘጋችው። ልቧ ደንድኗል ብለን አምተናታል። ሃያ ሁለት ዓመት አምተናታል። እኔም አምቻታለሁ! ይኼን መጻፍ ያሳፍረኛል።

«ይኼ ታዲያ ዲስኩ ላይ ለምን አይታይም?»

«ሩበን አበላሸው። እኔ ደግሞ አሳለፍኩት።»

«ሴትየዋ ግን እንዲታይ አድርጋ ነው የላከችው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

ተነሳች። መጋረጃውን ከፈተች። «ፈርምም አልልህም፣ አትፈርምም አልልህም» ብላ ኩሽና ገባች። ብዙ ጊዜ ውሃ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 8

ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ሩበን ቢሮ ገባሁ። አልተቀመጥኩም። በሆላንድኛ ነው የነገርኩት፣ ጀልባው ላይ ተለማምጄው፦ «አልፈርምም። ማስተሩ ደህና ነበር። የጨመቅከው አንተ ነህ። አይቼ ያሳለፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።» አዲስ ቅጽ ሞልቼ ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «አያልፍም» ላይ ምልክት፣ ከሥሩ ሙሉ ስሜ።

ብዕሩንም ከጎኑ አስቀመጥኩት። 

ሩበን ቅጹን አነበበ። ረጅም ጊዜ። «ይኼ ግልጽ ነው» አለኝ። አልተቆጣም፣ አልሳቀም። አብረን ስንሠራ ግልጽ ነው ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

አርብ፣ ዲሴምበር 12

ኮንትራክቱ አይታደስም። ሁለት መስመር ኢሜይል። «ምናልባት» የሚል ቃል የለበትም።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 10

ሮተርዳም ዙይድ። የስሎተርቫርቱን ክፍል ለቀቅኩ፣ እትዬ ሶፋ ላይ ነኝ። ደብዳቤው ለጣሊያኖቹ አልተላከም፣ ከቢሮ አንዱ ነግሮኛል። ዲስኩን ከሽያጭ አንስተውታል፣ እንደገና ተጨምቆ ይወጣል ይላሉ። ኢላሪያ ሥራዋ ላይ ናት፤ የሆነውን ነገር ምንም አታውቅም። አልጻፍኩላትም። ምን ብዬ?

ሰማንያ ቀን ቀርቶኛል። ጧት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ቁጥሩ ነው። አሥራ አንድ ቦታ አመልክቻለሁ። አንድም የመለሰልኝ የለም። ለእትዬ ግን «አይዞሽ፣ ሁለት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ጠርተውኛል» እላታለሁ። ደስ ይላታል። ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች።

ምሳ ፓስታ በሥጋ ነበር። የምትኮራበት ምግቧ ነው። አቀረበችልኝና እንደ ሁልጊዜው ፊቴን እያየች ቆመች።

«እንዴት ነው?»

«ጨው በዝቶበታል» አልኳት።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ዮሃና ስልኳን አስቀመጠች።

«ዛሬ ነው?» አለች እትዬ።

«ሁልጊዜ ነው።»

«አምስት ዓመት ሙሉ?!»

«አምስት ዓመት ሙሉ፣ እትዬ።»

ዮሃና ሳቋን መያዝ አቃታት። እትዬ ሳህኔን ወደ ራሷ ሳበች። ልትደፋው መስሎኝ ነበር። በኔ ሹካ ቀመሰችው፣ አላመጠች፣ ዋጠች። ከዚያ አየችኝ። እንደዚያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

«ሌላስ? ሌላ ምን ደብቀኸኛል?»

«ማንም አልጠራኝም» አልኳት። «አንድም ቦታ። ፈርቻለሁ።»

ዮሃና መሳቋን አቆመች። እትዬ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።